መናፈሻው ከመነደፉ በፊት ምድሩ ይጠየቅ
በጎረቤት አገር በሱዳን አፕሪል 15 ቀን 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር የተነሣው ጦርነት ካርቱምን ሁለት ዓመት ያህል የጦር ሜዳ አድርጓት እንደ ቈየ የታወቀ ነው። የሱዳን ጦር ሠራዊት በማርች 2025 የከተማዋን እምብርት ከያዘ፣ በሜይ ወርም መላው የካርቱም ግዛት ከፈጥኖ ደራሹ ኀይል ነጻ ወጥቷል ብሎ ካስታወቀ ወዲህ፣ የተሰደደው ሕዝብ ወደ ፈረሰው ቤቱ መመለስ ጀምሯል። ከተማ ሲታደስ ከሁሉ አስቀድሞ የውሃ፣ የመብራት፣ የሐኪም ቤትና የትምህርት ቤት ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን መንገድ በሚቀየስበትና መሬት በሚመደብበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ልብ ሳይለው የሚወሰን ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ለሕዝብ መናፈሻ የሚተወው ሥፍራ የትኛው ነው፣ አሠራሩስ እንደምን ይሁን የሚለው ነው። ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሚሆነው በድኾች ሠፈር ስለሆነ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ የሚገኘውን ማዮ የተባለውን ሠፈር ለምሳሌ ወስዶ መመርመር ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማዮ በዓረብኛ የወር ስም ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከግንቦት ጋራ የሚገጥመው ወር መሆኑ ነው። ሠፈሩ ይህን ስም ያገኘው ጃዕፋር ኒሜሪ በሜይ 1969 ሥልጣን የያዙበትን ለውጥ ለማስታወስ ነበር። ሠፈሩን ያበዛው ግን ለውጡ ሳይሆን መከራ ነው። በ1983 በደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደገና ሲቀጣጠል፣ በ1984 ደግሞ ዳርፉርንና ኮርዶፋንን ድርቅ ሲመታቸው፣ ከእነዚህ አገሮችና ከኑባ ተራሮች ቤተ ሰቡን ይዞ የወጣው ሕዝብ በካርቱም ዳርቻ ሠፈረ። ከዚያም በኋላ መንግሥት የተፈናቃዮች መጠለያ ብሎ ካወቃቸው አራት ሥፍራዎች አንዱ ማዮ እርሻ የተባለው ሆነ። ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣሊያ የርዳታ ድርጅት በ2005 የሕፃናት ክሊኒክ የከፈተው በዚሁ ሠፈር ነው። በሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ቆሮ በሚባለው የሠፈሩ ገበያ ላይ ከአየር በተጣለ ቦምብ ከ40 የሚበልጡ ገበያተኞች አልቀዋል። እንግዲህ ማዮ ተብሎ ሲነገር፣ ከአንድ መከራ አምልጦ በሌላ መከራ ላይ የወደቀ ሕዝብ የሚኖርበት ሥፍራ ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለው ሕዝብ መናፈሻ ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ጠባብ ጎጆ ውስጥ ስምንትና ዐሥር ሆኖ ለሚያድር ቤተ ሰብ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት የአንድ ዛፍ ጥላ እንደ አንድ ክፍል ቤት ይቈጠራል። ሻይ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ምድጃዋን የምትተክለው፣ ሽማግሌዎች ነገር ለማስታረቅ የሚቀመጡት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ ለቀስተኛ የሚሰበሰበው ባዶ መሬትና ጥላ ባለበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው መናፈሻ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው አይደለም፤ የሚዘልቅ መናፈሻ እንደምን ይገኛል የሚለው ነው። ለዚህም በማዮ አጠገብ በገሐድ የሚታይ ማስረጃ አለ።

በ1960ዎቹ ዓመታት የሱዳን መንግሥት ከካርቱም በስተደቡብ ታላቅ የዛፍ ተክል አስተክሎ ነበር። በዓረብኛ አል ሒዛም አል አኽደር፣ ማለት አረንጓዴው መቀነት ይባላል። አሳቡ ያማረ ነበር። ዛፉ ከተማዋን እንደ መቀነት ከቦ አቧራ የሚያመጣውን ነፋስ እንዲመክት፣ ለከተማዋም እንጨት እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ለመስኖ የሚሆነው ውሃም በብልሃት ተገኘ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የካርቱም የፍሳሽ ማጣሪያ የሚያወጣው ውሃ ወደ ተክሉ እንዲፈስ ተደረገ። ለከተማዋ ቈሻሻ የነበረው ለዛፉ ምግብ ሆነ፤ ባሕር ዛፉም አደገ።

ዳሩ ግን መቀነቱ ብዙ ዘመን አልቈየም። ከተማዋ ሰፍታ ፍሳሹ ከማጣሪያው አቅም በላይ ሆነ፤ የውሃውም ነገር ተበላሸ። ለደን የተከለለው መሬት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ፤ የቀረውን ዛፍ ማገዶ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሕዝብ ቈረጠው። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የተረፈው እዚህና እዚያ የቆመ ዛፍ፣ ከዚያም ይልቅ ስሙ ነው።

ስለዚህ ጥፋት ሲነገር በደሉ ሁሉ ዘወትር የሚጫነው በተፈናቃዩ መጥረቢያ ላይ ነው። ነገሩን አጥብቆ ለሚመረምር ግን ፍርዱ እንዲህ የቀለለ አይደለም። መቀነቱን የነደፉት ሰዎች ነፋሱን ዐወቁ፤ ውሃውንም አገኙ። ያላጠኑት ሦስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከተማዋ በእጥፍ ብታድግ ማጣሪያው ምን ይሆናል አላሉም። ሁለተኛ፣ ወደ ደቡብ የምትሰፋ ከተማ ያን መሬት ስትመኘው ወሰኑን ማን ይጠብቀዋል አላሉም። ሦስተኛ፣ በዛፉ ጥግ የሚኖረው ሰው ከዛፉ የሚያገኘው ጥቅም ምንድን ነው አላሉም። ከቆመው ዛፍ ምንም የማያገኝ ሰው፣ ከተቈረጠው ዛፍ ቢያንስ አንድ ሸክም ማገዶ ያገኛል። መቀነቱን የፈታው ይህ ሳይጠና የቀረ ነገር ነው።

አሁንም በማዮ መናፈሻ ይሠራ የሚል አሳብ ቢነሣ፣ መሐንዲሱ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ምድሩ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የውሃ ጥያቄ ነው። በካርቱም በዓመት የሚዘንበው ዝናም በአማካይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ይኸውም በጥቂት የክረምት ሳምንታት የሚወርድ ነው። ፀሐዩ ግን ከገላጣ ውሃ ላይ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ያተናል። ሰማይ አንድ እጅ ሲሰጥ ከዐሥር እጅ በላይ የሚወስድበት አገር ነውና፣ ሰፊ የሣር መስክ በፕላን ላይ ማሳመር ቀላል ሆኖ ሳለ በሕይወት ማቈየቱ ግን የማያቋርጥ ወጪ ነው። በድኽነት ሠፈር ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠጣውን ውሃ በአህያ ጋሪ ከሚያዞር ነጋዴ በገንዘብ ይገዛል። እናት ለጀሪካን ውሃ በምትከራከርበት ሠፈር የመጠጥ ውሃ ለሣር ቢረጭ፣ የመናፈሻው አጥር በመጀመሪያው ወር ቢፈርስ የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ ጥናቱ ከሁሉ በፊት የሚሻው፣ ከሰው አፍ ሳይነጠቅ ለዛፍ የሚሆን ውሃ ከወዴት ይመጣል፣ ስንት ዓመትስ ይዘልቃል የሚለውን ነው።

የውሃው ነገር ሌላ ገጽም አለው። ዝናሙ ጥቂት ነው ቢባልም አመጣጡ እንደ ወረራ ነው። በኦገስት 1988 በአንድ ቀንና ሌሊት ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ፣ የዓመቱ ዝናም በአንድ ቀን ወረደ እስኪባል ድረስ የጭቃ ቤቶችን አፍርሷል፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀርቷል። በ2013ም የካርቱም ዳርቻዎች በጎርፍ ተጐድተዋል። ስለዚህ ሥፍራውን የሚያጠና ሰው በበጋ ብቻ መጥቶ ደረቅ መሬት አይቶ ቢመለስ ግማሹን ብቻ እንዳየ ይቈጠራል። በክረምት ጎርፉ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ ስንት ቀንም እንደሚቈይ በእግሩ ሄዶ በዘንግ ሊለካ ይገባዋል። ዝቅተኛው መሬት በጥናት ከተቈፈረና ከተዘጋጀ፣ መናፈሻው ራሱ ጎርፉን ተቀብሎ ቤቶቹን ሊያድን ይችላል። ያለ ጥናት ግን የተኛው ውሃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ሁለተኛው የአፈር ጥያቄ ነው። ከካርቱም በስተደቡብ የሚጀምረው የጀዚራ ሜዳ አፈር የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ ከሚለው ጋራ ዘመዳማ ነው። ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ አብጦ ይዘጋል፤ ውሃም አያሳልፍም። በዚህ አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት የተሠራ ግንብና ንጣፍ ይሰነጠቃል፤ ሥሩ አየር የሚሻ ዛፍም ይታፈናል። በብዙ ሥፍራ ደግሞ ጨውና ሶዳ ይገኝበታል። ይህን ለማወቅ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በየመቶ እርምጃው የክንድ ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ቈፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ መጻፍ ነው፤ ከየጕድጓዱም አፈር ወስዶ ጨውነቱን ማስመርመር ነው። የአንድ ሳምንት ሥራ የብዙ ዓመት ክሳራን ያስቀራል።

ሦስተኛው የነፋስና የዛፍ ጥያቄ ነው። በካርቱም ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲቈጠር በአማካይ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይነሣ ነበር። በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ ማዕበሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በክረምቱ መግቢያ ከደቡብና ከምሥራቅ ይመጣል። እንግዲህ ዛፍ በየትኛው ወገን ጥቅጥቅ ብሎ፣ በየትኛው ወገን ሳሳ ብሎ እንደሚተከል የሚወስነው የሰዓሊ ዓይን ሳይሆን የነፋሱ መዝገብ ነው።

የዛፉ ዓይነትም ሳይመረመር እንዳይመረጥ የሱዳን ታሪክ ራሱ ያስጠነቅቃል። ሜስኪት የተባለው እሾኻማ የአሜሪካ ዛፍ በ1917 ወደ ካርቱም ገብቶ ተተከለ። ድርቅን የሚችል፣ አሸዋንም የሚያስር ስለሆነ ተመሰገነ። ቈይቶ ግን በከሰላና በሌላም ሥፍራ የእርሻ መሬትና የመስኖ ቦይ እየዋጠ ስላስቸገረ፣ መንግሥት በ1995 ይጥፋ ብሎ እስከ ማዘዝ ደረሰ። ዛፉ ግን ትእዛዝ አልሰማም፤ ድንበርም አላገደውም። በጋሽና በባርካ ሜዳ ተምሪ ሙሳ የሚባለው ይኸው ነው፤ የአፋር አርብቶ አደርም በአዋሽ ዳር በዚሁ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ተነጥቋል። በአንጻሩ ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት አጠገብ የነበረው የሱንት ደን፣ በየዓመቱ የወንዙ ሙላት ሥሩን እያጠበው ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ዛፉ ለምድሩ፣ ምድሩም ለዛፉ የተስማማ ነበርና። ይህን ደን የጐዳው የተፈጥሮ ጠባይ አይደለም፤ በአሁኑ ጦርነት የደረሰበት መጥረቢያ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሱንትን ዛፍ ወደ ማዮ ማዛወር አይደለም፤ የወንዝ ሙላት ማዮ አይደርስምና። ትምህርቱ ለየሥፍራው የሚስማማውን መፈለግ ነው።

አራተኛው ጥያቄ በሌላ አገር ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ በካርቱም ግን ሊታለፍ የማይችል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ መቃብር ሥፍራ መድረስ ያልቻለ ሕዝብ ሙታኑን በግቢው፣ በትምህርት ቤት ሜዳና በየአደባባዩ ቀብሯል። በ2025 የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎችና የሱዳን ቀይ ጨረቃ ማኅበር ሠራተኞች እነዚህን መቃብሮች እየከፈቱ ሙታኑን ወደ ተገቢው መካን ማዛወር ጀመሩ። ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብና ጥይትም በብዙ ሠፈር ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ባዶ መስሎ የሚታይ ሜዳ ሁሉ ባዶ አይደለም። ሕፃናት የሚሮጡበት ሣር ከመዘርጋቱ በፊት፣ ከሥሩ ያለው ሞት በፈንጂ አምካኞች ሊጠረግ፣ ያለውም ሟች በዘመዶቹ ፊት በክብር ሊነሣ ግድ ነው። ይህን ሊመሰክር የሚችለው ካርታ አይደለም፤ በዚያ ቀን በዚያ ሥፍራ የነበረው ጎረቤት ነው።

ከዚህ የተነሣ አምስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ የሰው ጥያቄ ይሆናል። በ1970 የወጣው የሱዳን ሕግ ያልተመዘገበውን መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሏል። በማዮና በመሰሎቿ ሠፈሮች ብዙ ሰው ዐሥርና ሃያ ዓመት የኖረበትን መሬት የሚያስከብርለት ወረቀት የለውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የካርቱም ባለሥልጣኖች የከተማ ፕላን በማለት እጅግ ብዙ የተፈናቃዮችን ቤት አፍርሰው ሕዝቡን ወደ በረሓው ዳር አውጥተዋል። በሜይ 2005ም በደቡብ ካርቱም ሶባ አራዲ በተባለው ሠፈር ሕዝቡን ለማንሣት በተደረገው ሙከራ ግጭት ተነሥቶ ፖሊሶችም ነዋሪዎችም ሞተዋል። ይህን ያየ የማዮ ሰው ካርታ ይዞ የሚመጣ መሐንዲስ ባየ ጊዜ ቤቴን ሊያፈርስ መጣ ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። መናፈሻ የሚለው ያማረ ቃል ሰውን ከመሬቱ ለመንቀል መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነውና።

ስለሆነም ጥናቱ ቤቶቹን መቍጠር ብቻ አይበቃውም። ሜዳውን ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀምበት፣ ሴቶች ውሃ ለመቅዳት በየት እንደሚያቋርጡ፣ ሻይ ሻጮች የት እንደሚቀመጡ፣ ወጣቶች የት እንደሚጫወቱ፣ ከመሸ በኋላ የሚፈራው ጥግ የትኛው እንደሆነ ሊመዘግብ ይገባዋል። በእግር ብዛት የተጠረገው ጠባብ መንገድ ሕዝቡ ራሱ ያለ ክፍያ የነደፈው ፕላን ነው። እርሱን አጥፍቶ በማስመሪያ ሌላ መንገድ የሚያሰምር መሐንዲስ፣ አበባው ሲረገጥ ሕዝቡን ባለጌ ቢል ስሕተቱ የራሱ ነው።

ይህ ሁሉ በቃል ያማረ እንጂ በተግባር የማይቻል የሚመስለው ካለ፣ ዓባይን ተከትሎ እስከ ካይሮ ይውረድ። በ1984 አጋ ኻን ለካይሮ ሕዝብ መናፈሻ ሊያበረክቱ ፈቅደው፣ የተገኘው ሥፍራ ለብዙ መቶ ዓመት የከተማው ጥራጊና ፍርስራሽ ሲጣልበት የኖረ የዳራሳ ኮረብታ ነበር። ምድሩ ሲመረመር አፈሩ ጨው የበዛበት፣ ልቅና የማይታመን ሆነ። ከተማዋ ደግሞ በዚያው ሥፍራ ወርዳቸው 80 ሜትር የሆነ ሦስት ታላላቅ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ልታሠራ ፈለገች። እነዚህ ታንኮች እስኪሠሩ ሥራው ዘገየ፤ ነገር ግን ታንኮቹ ከፕላኑ ጋራ ተዋሕደው ከመናፈሻው ሥር ገቡ። ከ1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈርና ፍርስራሽ ተነሣ፤ ቁፋሮው ሲካሄድም በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የአዩባውያን ቅጥር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ተገኝቶ ታደሰ። ከቅጥሩ ሥር ያለው ዳርብ አል አሕመር የተባለው የድኾች ሠፈርም ሳይነቀል በያለበት እንዲታደስ ሥራ ተጀመረለት። 30 ሄክታር የሚሆነው የአል አዝሐር መናፈሻ በ2005 ተከፈተ። ከስጦታው እስከ መክፈቻው ሃያ ዓመት አለፈ፤ ሆኖም በመናፈሻው ጥላ ሥር የሚቀመጥ የካይሮ ሰው ዛሬ ያን መዘግየት የሚያስታውሰው አይመስልም።

ሃያ ዓመት ለማዮ እጅግ ብዙ ነው፤ የአጋ ኻን ያህል ገንዘብም አይጠበቅም። የተለመደው ተቃውሞም የሚነሣው በዚህ ነው፤ አገር ሲፈርስ ለጥናት ጊዜም ገንዘብም የለም ይባላል። ይህ ግን ሒሳቡን መገልበጥ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት የሚፈልገው አንድ ክረምትና አንድ በጋ፣ ጥቂት ዐዋቂዎች፣ ከሠፈሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች፣ አካፋ፣ ዘንግና መዝገብ ነው። ገንዘብ የሌለው መንግሥት ነው ሁለት ጊዜ መሥራት የማይችለው፤ ሀብታም ቢሳሳት አፍርሶ እንደገና ይሠራል።

የስኮትላንዱ ሊቅ ፓትሪክ ጌዲስ ከ1914 ጀምሮ በህንድ ከተሞች እየተዘዋወሩ ያስተማሩትም ይህንኑ ነበር። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ የከተማ መሐንዲስም ሥፍራውንና ሕዝቡን ሳያጠና ፕላን ሊነድፍ አይገባውም ይሉ ነበር። የአገራችንም ባለሞያ ሴት መጥኖ መደቆስን ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው የምታውቀው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚመጣው እንባ ወጡን አያጣፍጠውም።

በካርቱም ጥቂት ዛፍ ተክሎ፣ ሪባን ቈርጦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄድ ለማንኛውም ባለሥልጣን ቀላል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያ ዛፍ ደርቆ ከተገኘ፣ አስቀድሞ የተጠፋበትን አረንጓዴ መቀነት የሚያስታውስ ሕዝብ ሁለተኛ ዛፍ ትከል ሲባል አያምንም። የማዮ ሰው ብዙ ተስፋ ተሰጥቶት ብዙ ጊዜ የተታለለ ነው። ለእርሱ ከሚቀርበው ሥዕል ሁሉ በፊት፣ የሚኖርበት ምድር ይለካ፤ የሞቱበት ይነሡ፤ የቀረው ወገኑ ይጠየቅ፤ በመሬቱ ላይ የመቈየት መብቱም በወረቀት ይጻፍለት። ከዚያ በኋላ የሚተከለው ዛፍ ቍጥሩ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ዘበኛ ሳይቀጠርለት ሠፈሩ ራሱ ይጠብቀዋል።